ቅቤ ያለበት ሻንጣ

«ክፍሉን አስረክቢ እንጂ ሻንጣሽን እናስቀምጥልሻለን» ብሎ፣ ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ መካድ ግፍ ነው። ይህን ግፍ የሠራው ጀሞ ያለ አንድ ሆቴል ነው። የተሠራባት ልጅ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ላሉት ሴትዮ ስትነግራቸው ሰማሁ።

«ምን ብለው እምቢ አሉሽ?»

«ውስጡ ያለው ቅቤ ይሸታል፣ እንግዳ ያማርርብናል አሉኝ።»

«ከነቅቤው ስታድሪ አልሸተታቸውም?»

«እኔም እሱን አልኳቸው!»

«ለማን ነው ቅቤው?»

«ለእህቴ። ወልዳ ዛሬ ከሰዓት ከሆስፒታል ትወጣለች። እኔ ደግሞ አሁን የሥራ ፈተና አለብኝ።»

«እና ከነቅቤው ልትፈተኚ?»

«ሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፈተናው ሊያመልጠኝ ነው፣ እትዬ።»

«አያመልጥሽም። ላፍቶ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ እዚያ አስቀምጪውና ሂጂ።»

«ጨርቁ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ቢሸትብዎትስ?»

«ገዢው አራስ ያለች መስሎት እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ ይገባል።»

«ግን እኮ አያውቁኝም።»

«አንቺስ መቼ ታውቂኛለሽ? የአራስ ቅቤ ልትተዪልኝ አይደል?»

«ወራጅ አለ» ልል የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ፣ እስከ ላፍቶ አብሬያቸው ሄድኩ።