ተሰጥቷል የተባለችው ጥቁር ኳስ

በኛ ዘመንማ ዳኛ የሚባለው ጋቢውን አጣፍቶ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ ነበር፤ አሁን ዳኛዋ እኔ ነኝ፣ ያውም የፑል። ምን ያስቃችኋል? እዚህ ሰበታ የፊቷን ክፍሌን ለፑል ቤት አከራየሁ፣ እና በር ላይ ተቀምጬ ሳይ ሳይ ጨዋታውን ከነሱ በላይ አወቅሁት። ፊደል በወጉ አልቆጠርኩም፤ ኳስ ገባች አልገባችም ለማለት ፊደል ምን ያደርጋል? "አዴ ብርቄ አያዳሉም" አሉና ሾሙኝ።

ታዲያ አንዲት ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ቁጭ ስትል፣ ተጋጣሚ "ተሰጥቷል" ይልና በእጁ ይከታታል። ደግ ልማድ ነው፣ መከባበር ነው። ኋላ ግን ኦቦ ጉተማ መጣ። የቤት ካርታ የሚፈርመው እሱ ነው፣ እና ካርታው ያላለቀለት ሁሉ ኳስ ይሰጠው ጀመር። መጀመሪያ ጣት የቀራትን፣ ቀጥሎ ስንዝር የቀራትን፣ በኋላማ ወዲያ ማዶ ያለችውን፤ "ይቺ ለእርስዎ ምን አላት ኦቦ፣ ተሰጥቷል" እያሉ፣ እንዲህ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ሰውየው ዓመት ሙሉ ሳይመታ ሲያሸንፍ ኖረ። ተጫዋች ነኝ ብሎም አመነ።

ታዲያ ከሰበታ አንድ ሰው ቡራዩ ሄዶ ይጋጠም ተባለ፣ እና ለመጨረሻው እሱና ጫልቱ ቀሩ። ጫልቱ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ለሷ ኳስ የሰጣት ሰው አላየሁም፤ ግማሿ የገባችውን እንኳ "ምቺያት" ይሏታል፣ ትመታለች። "አዴ፣ አንድ ቀን እንኳ ስሜ ከሰበታ ውጪ ይጠራ" ትለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ገጠሙ። ለሁለቱም ጥቁሯ ብቻ ቀረች፤ እሷን ያስገባ አሸነፈ። ጫልቱ ልትመታ ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች።

"አዴ፣ እጅጌዬ ነጯን ነካ።"

"እኔ አላየሁም" አልኩ፣ ዓይኔን የሰደበች መስሎኝ።

"እኔ አየሁ" አለች።

እና ምን ላድርግ? መምቻዋን ነጯን ኳስ በልብሱ የነካ ተራውን ያጣል፤ ተራው ለኦቦ ጉተማ ሆነ፣ ነጯንም ደስ ያለው ቦታ ያስቀምጣት ዘንድ ተፈቀደለት። ጥቁሯ ደግሞ ቀዳዳው አፍ ላይ ናት። ቤቱ በሙሉ "ተሰጥቷል፣ ተሰጥቷል" አለ።

"ማነው የሰጠው? የሚሰጠው ተጋጣሚ እንጂ ተመልካች ነው እንዴ? ጫልቱ፣ ሰጥተሻል?" አልኩ።

"ለኔ ማንም ሰጥቶኝ ስለማያውቅ አሰጣጡን አልተማርኩም። ይምቱ።"

"አዴ፣ አንቱ እኔን አያምኑኝም?" አለኝ እሱ።

"አምንሃለሁ ልጄ። የማታውቅህ ኳሷ ናት።"

መታ። ያ አመታት በሬ ይጥላል። ጥቁሯ ገባች፣ ነጯም ተከትላት ገባች፤ በጨዋታው ሕግ ሁለቱን አብሮ ያስገባ ተሸናፊ ነው።

"ጠረጴዛው ያዘነበለ ነው" አለ።

"ዓመት ሙሉ ስታሸንፍም ይኸው ነበር" አልኩት።

ጫልቱ ቡራዩ ሄደች። እና አሸነፈች ወይ ትሉኛላችሁ፤ እዚያም "ነካሁ" ብላ ተሸንፋ መጣች። ስሟ ግን እስከ ዛሬ ቡራዩ ይጠራል፣ "ያቺ ራሷን የከሰሰችው የሰበታ ልጅ" እየተባለ።

የኛዎቹ ወንዶች ከዚህ ምን ተማሩ መሰላችሁ? "ነካሁ" ማለት ገድ አለው ብለው፣ አሁን የነካውም ያልነካውም በየተራው "አዴ፣ ነካሁ" ይለኛል። ትናንት ደግሞ ኦቦ ጉተማ ራሱ፣ ፊቱን የጸሎት ፊት አስመስሎ፣ "አዴ፣ እጅጌዬ ነጯን ነካ" አለኝ።

የለበሰው እጅጌው ከትከሻው የተቆረጠ ሸሚዝ ነው። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ዳኛ ነኝ፣ እንዴት ብዬ ልሳቅ?