የጠፋው ልዑልና የደብረ ሲና ቆሎ

ሰምሃልዬ፣ ነይ ቁጭ በይ፤ ብሬካችን እንደሆነ ሃያ ደቂቃ ናት። ዛሬ የስንት ክፍል ጽዳት ደረሰሽ? እኔ አሥራ አራት... ወገቤ የለም። ያ ጥግ የተቀመጠውን ተይው፣ የሆቴሉን ሻትል ፓርክ አድርጎ ማረፉ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ አይሰማንም። ይሰማል እንዴ?... አይሰማም።

እንኪ፣ ቆሎ ዝገኚ። ከደብረ ሲና ነው። ታሪክ አለው፤ ግን መጀመሪያ የእንግሊዞቹን ልንገርሽ። አልጋ ሳነጥፍ በስልኬ ታሪክ እሰማ የለ? የዛሬ አምስት መቶ ምናምን ዓመት ሁለት ትንንሽ ልዑላን ነበሩ አሉ። ንጉሡ አባታቸው ሲሞት አጎታቸው ግንብ ውስጥ አስገባቸውና ዘውዱን ራሱ ደፋው። ልጆቹ የገቡበት ጠፋ። ስምንት ዓመት ቆይቶ አንድ ሸጋ ልጅ አየርላንድ ብቅ አለ። የሐር ነጋዴ ተቀጣሪ ነው፤ የጌታውን ሐር ለብሶ ሲንጎራደድ ሰዉ አየውና ይሄማ ልዑል ነው አለ። እሱም ይሉኝታ ይዞት ነው መሰለኝ... አዎ፣ ትንሹ እኔ ነኝ አለ። ጨዋ ልጅ ሰው አያሳፍርማ። የልዑሉ አክስት ሳትቀር የወንድሜ ልጅ ብላ ተቀበለችው። እኛስ ይሄን ዩኒፎርም አውልቀን ሱፍ ብንለብስ ማን ያውቀናል?

ወደ ቤቴ ልመለስልሽ። ቅዳሜ ለመክሊቴ ሽማግሌ ይመጣል። ልጁማ ወርቅ ነው። የደጃዝማች የልጅ ልጅ። አብዮቱ ወገኖቹን ፈጀ፣ እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች፣ ከዚያ ሁሉ ዘር እሱ ብቻ ቀረ። ልጄ ስትነግረኝ አልቅሼ ለእናቱ ነፍስ ሻማ አብርቻለሁ። ሻማው እንዴት ያለ ሥራ ሠራ መሰለሽ...

ኦኬ፣ ቆሎው። እህቴ ከደሴ ስትመለስ ደብረ ሲና ወርዳ ከአንዲት ሴትዮ ቆሎ ገዛች። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ሴትዮዋ "እህትሽ ሲያትል ናት? የኔም ልጅ እዚያ ነው፤ የሆቴል እንግዳ ከኤርፖርት ያመላልሳል" ብላ ፎቶውን ከመቀነቷ ፈታ አሳየቻት፤ እህቴም በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ሦስት ዓመት ኮል አላደረገላትም አሉ። ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል፤ ልዑል እንኳ ይጠፋ የለ? "ካገኛችሁት አቅምሱልኝ" ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠቻት። እኔ አሁን ሲታክ ኤርፖርት ካለው ሻትል ነጂ ሁሉ ማንን ብዬ ልፈልግ?

የእንግሊዙን አልጨረስኩልሽም። ስድስት ዓመት ልዑል ነኝ ሲል ኖሮ ተያዘ። ያኔ ምን አደረገ? ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። ለካስ አገሩ ቁጭ ያለች እናት ነበረችው። ልዑል ነኝ ማለቱን እንኳ አልጠላሁበትም፤ ወጣት ነው፣ ሐሩም አምሮበታል። እናትየውን ሳስብ ግን አንሶላውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እኔንም እናቴ ጌሾ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ፤ የቆሎ ሻጭ ልጅ ቤቴ ቢመጣ እግሩን አጥቤ ነበር የማስገባው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች ይባላል... እሷ እንኳ እናቴ ሞታለች አላለችም።

ሶ፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ መቼም የማን ልጅ ነው ብለን ነው የምንጀምረው። የሴትዮዋን ቁጥር ተቀብያለሁ። ቪዲዮ ኮል አድርጌ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ስለ ቆሎዋ ባመሰግናት ነውር አለው? ወይ ልጇ እስከ ዓርብ ራሱ ይደውልላት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ... ሰው ስልኩን አንዳንዴ ያገኘዋል።

ውይ፣ ተነሳ። ማዳመጫው ለካስ እጁ ላይ ነው... ና ልጄ፣ ዝገን እንጂ። ሁለቱንም እጅህን ዘርጋ፣ ብዙ ነው። አየሽ ሰምሃል፣ አንገቱን ሰብሮ ሲቀበል? ጨዋ የጨዋ ልጅ። ብላ የኔ ጌታ፣ ብላ... እናትህን በዕድሜ በጤና ያቆይልህ።