ውሃ የገባበት የኮምፔንሳቶ መቀመጫ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ አቶ ደግሰው ፋንታሁን
ዕድሜ፦ 76
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስት የሞተችበት
ሥራ፦ በቤቱ የአናጺነት ሥራ የሚሠራ
አድራሻ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30
ተጠርጣሪ፦ ወ/ሮ ዓይናዲስ መንግሥቴ፣ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ
የግል ተበዳይ፦ ወ/ሮ ወለተ ሐና ዓለምብርሃን
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ተስፋው ደብሬ

ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ዓመት ነው። ባለቤቴ ጸሐይነሽ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ የላላውን ሚስማር ራሴ እመታለሁ። መጋዝ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም። ይንቀጠቀጣል የሚል ካለ ቤቴ መጥቶ የቆረጥሁትን ጠርዝ ይለካ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የወለተ ሐና ልጅ ሙሉሰው «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ የሚለው አይያዝ» ብሎ ለፖሊስ መናገሩን ስለሰማሁ፣ ከሁሉ በፊት ይኸው እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። ወ/ሮ ዓይናዲስ የታሰረችው የማይረባ ኮምፔንሳቶ ጥሩ ነው ብላ ሸጣለች፣ ከዚያ የተሠራ መቀመጫ ተሰብሮም ወለተ ሐና ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል ተብሎ ነው። መቀመጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮምፔንሳቶውን የመረጥሁትም እኔ ነኝ። ወለተ ሐና የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት ስትሆን ከቤቴ ጀርባ፣ በአንድ አጥር ውስጥ ትኖራለች። ልጇ ሙሉሰው ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሚያድረው መሀል ከተማ ተከራይቶ ነው።

ጥር 26 ቀን ጠዋት ከዓይናዲስ ሱቅ ሄድሁ። መንገድ ተከፍቶ ከወልድያ ዕቃ ገብቶላት ነበር። ሦስት ዓይነት ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አንደኛው በዋጋ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ያማረ ነው፤ ጠርዙን ሳየው ግን በሽፋኖቹ መካከል ክፍተት አለው። በጣቴ ስመታው አንዱ ጋ ድፍን፣ አንዱ ጋ የባዶ ቅል ድምፅ ሰጠኝ። ውስጡ ባዶ የሆነ ሚስማር አይዝም፤ ርካሽ ነው ብሎ የገዛው ሰው ሁለተኛ ይገዛል። ሦስተኛው ከባድ፣ በሽፋኖቹ መካከል ጥቁር የኮላ መስመር ያለበት፣ ውሃ የማይፈራ የሚባለው ነው፤ ዋጋው የመካከለኛውን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እኔ ዓይኔን የጣልሁት መካከለኛው ላይ ነው። ነጣ ያለ ነው፣ ሽፋኖቹ እኩል ናቸው፣ ጠርዙም ድፍን ነው።

ያንኑ አንድ በአንድ እያወጣሁ ጫፉን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ የተጣመመውን ለየሁ። ጠርዙን በጥፍሬ ፋቅሁ፣ አሸተትሁ፣ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳሁ። ዓይናዲስ ልጇን አዝላ ቆማ ትስቃለች።

«አባባ ደግሰው፣ ኮምፔንሳቶ ነው የሚመርጡት ወይስ ምራት?» አለችኝ።

«ምራትስ ብትጣመም ትመከራለች። ይህ ከተጣመመ ምን ብዬ ልምከረው?» አልኋት።

«እንዲህ ካንኳኩትማ ‹ይግቡ› ማለቱ አይቀርም» አለች።

ቀጥላ ለምን ሥራ እንደምፈልገው፣ ውሃም የሚያገኘው እንደሆነ ጠየቀችኝ። መርማሪው ይህን ነገር ደጋግሞ ስለጠየቀኝ በደንብ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ጠይቃኛለች። «ውሃ የሚነካው ከሆነ ጥቁር መስመር ያለውን ይውሰዱ። ነጩ ለቁም ሣጥን፣ ለመደርደሪያ፣ ለአልጋ ራስጌ ነው የሚሆነው፤ ውሃ አይወድም» ብላኛለች። እኔም «አይነካውም፣ የቤት ሥራ ነው፤ ለእኔ እንጨት ልታስተምሪኝ ነው?» አልኋት። «ኧረ እኔ ምን አውቄ! የሚሻልዎትን ያውቃሉ» ብላ ከመረጥኋቸው አንዱን በጋሪ አስጫነችልኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ዋሸሁ ከተባለ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልዋሸችም።

እውነቱን ለምን እንዳልነገርኋት ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ወለተ ሐና ጉልበቷ ካበጠ ቆይቷል። ሙሉሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወስዶ መርፌ ሊያስወጋት ቀጠሮ ይዞላት ነበር። እሷ ግን አስቀድማ ሁለት ሱባዔ፣ አሥራ አራት ቀን፣ ጠበል ልትጠመቅ ተሳለች። ጠበሉ ያለበት ገደል ለእግሯ አይመችም፤ ስለዚህ ሌሊት ወርጄ ቀድቼ የማመጣላት እኔ ሆንሁ። ቆማ መጠመቅ ስለማትችልም የምትቀመጥበት ሥራልኝ አለችኝ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስለት ሱባዔው ሳይሞላ አይወራም። ወሬው ቀድሞ ከወጣ ስለቱ ይበተናል ይባላል። ወለተ ሐና ደጃፏ ላይ አቁማ በአገራችን ቋንቋ በኸምጣኛ አስማለችኝ። ለሙሉሰው አልነግርም፣ ለጎረቤት አልነግርም፣ ዕቃ ለምገዛበትም ሰው አልነግርም አልሁ። «ሙሉሰው ጠበሉን ካወቀ ሐኪሙ ይቅደም ብሎ ያስተወኛል አያ» አለችኝ። ስለዚህ ዓይናዲስ ስለ ውሃ ስትጠይቀኝ አይነካውም አልሁ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ለሁለት ሱባዔ ብቻ ለሚያገለግል መቀመጫ ያን ውዱን መግዛት ለእኔ ብክነት መሰለኝ። ነጩን በደንብ ከመረጥሁት ይበቃል ብዬ ገመትሁ።

መቀመጫውን በኮላም በሚስማርም አያይዤ፣ ከሥር ማገር ሰጥቼ ሠራሁት። ማንም አናጺ አይቶ ስህተት አያወጣለትም። ቀለም ልቀባው ስል ወለተ ሐና የቀለም ሽታ ከጠበል ጋር አይሆንም ብላ ከለከለችኝ፤ ባዶውን ተውሁት። ጥር 29 ቀን ጀመረች። በየንጋቱ ከቤቷ ጓሮ ተጠምቃ ስትነሳ፣ መቀመጫውን ሰው እንዳያየው በላስቲክ ጠቅልላ ከግድግዳ ሥር ታስገባዋለች። ላስቲኩ ውስጥ ውሃው እንደማይደርቅ፣ ቀኑን ሙሉ እንደሚታፈን አውቃለሁ። ማወቁን አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ እናውጣው ብላት «ሰው አያይም ወይ?» አለችኝ፤ እኔም መልሼ ጠቀለልሁት።

የካቲት 6 ቀን ማታ ላስቲኩን ገልጬ ስዳስሰው ጠርዙ አብጦ፣ የላይኛው ሽፋን እንደ ደረቀ ቆዳ ተነስቶ አገኘሁት። ሁለት ሚስማር መታሁበት። እስከ ረቡዕ ይይዛል፣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው አልሁ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌሊቱን ሁሉ አሁን ተነስቼ ሌላ ድጋፍ ልስጠው፣ አይ መዶሻ ከሰማ ጎረቤቱ ይነቃል እያልሁ ነጋብኝ።

በማግሥቱ፣ አርብ የካቲት 7 ቀን፣ ጠበሉን ከወገቧ በላይ እያፈሰስሁላት ሳለ መቀመጫው መካከሉ ተከፈተ። ድምፁ እንደ እንጨት ስብራት አልነበረም፤ የራሰ ካርቶን ሲቀደድ ነው የሚመስለው። በጎኗ ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ከጩኸቷ በፊት የተናገረችው «ልብሴን፣ ልብሴን አልብሰኝ» የሚል ነው። አልብሼያት፣ ላስቲኩን ደብቄ፣ ሰው ጠራሁ። ሙሉሰው ሲመጣ ስለ ውሃው ጠየቀ፤ እሷ ልብስ ሳጥብ ነው አለችው። እሱም የተሰበረውን አንስቶ ሽፋኑን በጣቱ ገለጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ይህን ወረቀት ኮምፔንሳቶ ነው ብላ የሸጠችልዎት ማን ናት?»

«ከዓይናዲስ ነው የገዛሁት» አልሁ።

«እርስዎ እንኳ ተታለሉ? ሰቆጣን ሁሉ እንጨት ያስመርጣሉ ሲባል!»

በዚህ ጊዜ መናገር ይገባኝ ነበር። ወለተ ሐና ከተኛችበት በዓይኗ ያዘችኝ። መሐላው አለ። ደግሞ እኔ ራሴ መርጬ ተሳሳትሁ ከማለት ተታለልሁ መባሉ ቀለለኝ። ዝም አልሁ። ቅዳሜ ዓይናዲስ ከሱቋ ተይዛ መታሰሯን ሰማሁ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በዚህ ጣቢያ በር በኩል አለፍሁ። የዓይናዲስ እናት ሕፃኑን ጡት ልታስጠባ አምጥታው፣ ጥበቃው እስኪያስገባት በሩ ላይ ታባብለዋለች። የሕፃኑ ጩኸት እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። ሰላም ልላት አልቻልሁም። ዞሬ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ አሥራተ ማርያም ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለቱ ሊሞላ የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው፣ እስከዚያ ብቆይስ አልኋቸው። እሳቸውም «ደግሰው፣ ዝም ያልኸው አንተ ነህ፣ የታሰረችው እሷ ናት። ይህን ከእኔ ጠይቀህ ነው የምታውቀው?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሄድሁ። ወለተ ሐና በብርጭቆ የማደርስላትን ጠበል እየጠጣች ሱባዔዋን አላቋረጠችም። ነገ ሄጄ ልናገር ነው አልኋት።

«አያ፣ ረቡዕ ይሞላል እኮ። ለጥቂት ቀን ማን ይሞታል?» አለችኝ።

«ልጅቱ አጥቢ ናት» አልኋት።

«እኔስ ጉልበቴ? ይኸው ዳሌዬም ተጨመረ። ስለቴን አንተ ከበተንኸው በምን ልነሳ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ሌሊቱን በሙሉ ይህ ከሆነስ፣ በእኔ አፍ ምክንያት ሳትነሳ ብትቀርስ ስል አደርሁ። ግን መጥቻለሁ።

ከቤቴ ይዤ የመጣሁትን የዚያው ኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ፖሊስ የያዘው የተሰበረ መቀመጫም ቀርቦልኝ የእኔ ሥራ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሁለቱ የወጡት ከአንዱ ኮምፔንሳቶ ነው፤ የቆረጥሁበት ጠርዝ ሲገጠም መስመሩ እንደሚሄድ በፊታቸው አሳይቻለሁ። ቁራጩ ውሃ ስላልነካው ሽፋኑ በቢላዋም አልላቀቅ አለ። መቀመጫው ግን በጣት ይላጣል። ኮምፔንሳቶው በዓይነቱ ጥሩ ነው፤ ለደረቅ ቤት ቢሆን ከእኔ በኋላም ይኖር ነበር። ያለ ቦታው የዋለው በእኔ ነው። ዓይናዲስ ያልነገረችኝ ነገር የለም፤ ያልነገርኋት እኔ ነኝ።

ይህን ቃል በመስጠቴ ራሴ ተጠያቂ ልሆን እንደምችል መርማሪው አስረድቶኛል። ገብቶኛል። ዓይናዲስ መቼ ትወጣለች ብዬ ስጠይቅም መዝገቡ ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል ተብያለሁ። ዋስ የሚያስፈልጋት ከሆነ ቤቴ ካርታ አለው፤ ካርታው በኪሴ ነው። ዛሬ ውሳኔው እስኪታወቅ ከጣቢያው ግቢ አልወጣም።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ጮክ ተብሎ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ሰው ሳያስገድደኝ፣ በማንም ላይ ቂም ሳልይዝ የተናገርሁት ነው፤ ከእኔ አፍ ያልወጣ ቃል አልተጨመረበትም። በመጨረሻም በእኔ ላይ ያለውን ዕዳ ማንም እንዳይከፍልልኝ ይጻፍልኝ። ወልድያ ያለው ልጄ መልአኩ እንዳይደወልለት። የወለተ ሐና መታከሚያ በእኔ ነው። ሙሉሰው ባጃጁን አቁሞ ለዋለባቸው ቀናት በእኔ ነው። የዓይናዲስ ሱቅ ለተዘጋበትም በእኔ ነው፤ ስትከፍት ገዢዎቿ ባሉበት ቆሜ ስለ ውሃ ጠይቃኝ አይነካውም ያልሁት እኔ እንደሆንሁ ከፍ አድርጌ እናገራለሁ፣ እናቷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቄስ አሥራተ ማርያም የሚሰጡኝን ስግደት፣ ጉልበቴ ቢያዘግመኝም፣ ሌላ ሰው አላሰግድም። ለወለተ ሐና ደግሞ የቀሩት የሱባዔ ንጋቶች አሉብኝ። እኔን ካላሰራችሁኝ ነገ ጎህ ሳይቀድ ጠበሉን ቀድቼ ሆስፒታል እደርሳለሁ፤ ፊቷን ባታዞርልኝም ከራስጌዋ አስቀምጬው እመለሳለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ደግሰው (በራሱ እጅ የጻፈው)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ተስፋው ደብሬ