ክሳቴና የአክስቴ ጠበል

ዳገት ስወጣ ቁና ቁና እያስተነፈሰኝ ሲቸግረኝ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሟ "ሳንባህ ምንም አልሆነም፤ ትንፋሽ ያሳጠረህ ውፍረትህ ነው፤ ቀንስ" አለችኝ። ቀነስኩ፤ ትንፋሼም ተመለሰ። ከዚያ ለበዓል ይጁቤ ከተማ ያለችው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ አየችኝና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። "ምነው ልጄ፣ እንዲህ የሚያከሳው የሳንባ በሽታ ነው አይደል?" አለች። "ኧረ አክስቴ፣ ሳንባዬ ገና አሁን ተንፈስ አለ" ብላት ማን ይስማኝ።

በማግስቱ ጠበል ይዛኝ ወጣች። ጠበሉ ዳገት ላይ ስለሆነ፣ እንዳልወድቅ ይደግፈኝ ብላ ልጇን ባዘዘውን አስከተለች። ባዘዘው ድሮ እንደነበርኩት ነው፤ ቦርጩ ቀድሞት ይሄዳል። ዳገቱ ሳይጋመስ ላብ በላብ ሆኖ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ። ለጠበሉ የያዘውን ጀሪካን ተቀበልኩት፤ ክንዱን ይዤም እኔው ደግፌ አወጣሁት። አናቱ ላይ ስንደርስ "አክስቴ፣ እስቲ አሁን በሽተኛው ማን ነው?" አልኳት። እሷ ግን የልጇን ላብ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ በስስት እያየችው፣ "የሱንስ ተወው፤ የደላው ሰው እንዲህ ነው የሚተነፍስ" አለችኝ።