ባለ ሁለት ጭረቷ ወፍ

በጋለ ምስማር የቀንድ ዋንጫ ላይ አበባ በማውጣት ቡታጅራ ላይ የሚያህለኝ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። በጣልያን ጊዜ ነው። የሙዚቀኞቻቸው አለቃ የክላርኔት አፎችን፣ እነዚያን ከንፈር ውስጥ የሚገቡትን ጥቋቁር ጫፎች፣ በመሐረብ ቋጥሮ አመጣልኝ። መጠናቸው እንዳይምታታ ለጠባቡ አንድ፣ ለመካከለኛው ሁለት፣ ለሰፊው ሦስት ጭረት አወጣሁላቸው። በግድ ወስደው ነፊ ያደረጉት ወንድሜ ከድር የሚነፋው ባለ ሁለቱን ነበር።

አንድ ማለዳ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ያ አለቃ ብቻውን ደጄ ቆመ።

«ከድር ጠፋ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ክላርኔቱን ትቶ አፉን ብቻ ወሰደ። ከተያዘ ይረሸናል። የት ነው?»

«ወሳጁ አንተ፣ ተጠያቂዋ እኔ?»

ይኼኔ ከላይ ከኮረብታው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። ዳክዬ በሕልሟ የምትጮህ ይመስላል። ከድር ነው! ደህና ነኝ ሊለኝ ነው፣ ቂሉ ወንድሜ። ምላሴ መቼ ከድቶኝ ያውቃል?

«ወፍ ናት» አልኩት።

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ድምፁ እንደገና መጣ፤ ጉሙም፣ እንሰቱም፣ ሰውዬውም አብረው የሚተነፍሱ መሰለኝ።

«ወፏ ባለ ሁለት ጭረት ናት» አለ ቀስ ብሎ። ባርኔጣውን ደፍቶ ቁልቁል ወረደ። ከድርን ፍለጋ ወደዚያ የወጣ ሰው የለም።

ጣልያንን እስከ ዛሬ እረግማለሁ። እርግማኑ እዚያ አለቃ ጋ ሲደርስ ግን ሳል ያቋርጠኛል።