ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ

የአንድ የዓይን ጠብታ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከምሳ በኋላ፤ ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ የሠራችው ወይዘሮ አጸደ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ድሮ ተማሪዋ፣ ዛሬ አለቃዋ የሆነው ምንተስኖት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

ምንተስኖት፦ እትዬ አጸደ፣ አንድ ፊርማ ነው የጠየቅሁት። ኩላሊት ይስጡኝ አላልኩም።

አጸደ፦ ኩላሊት ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። እሱ ሁለት አለኝ። ስም ግን ያለኝ አንድ ነው።

ምንተስኖት፦ ውጤቱ እኮ ግሩም ነው። ጠብታችን በገባበት ሳህን፣ ከአስራ አምስት ደቂቃ በኋላ ከመቶው ሴል ዘጠና አንዱ በሕይወት አለ። የቆጠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

አጸደ፦ የሰላሳ ደቂቃውንም የቆጠርኩት እኔው ነኝ። የሱ ገጽ የት ሄደ?

ምንተስኖት፦ የትም አልሄደም። አላስፈለገም።

አጸደ፦ ማንን ነው ያላስፈለገው?

ምንተስኖት፦ ሪፖርት ሲረዝም ሰው አያነበውም።

አጸደ፦ ስለዚህ የሞቱትን አስወጥተህ በሕይወት ያሉትን ብቻ አስቀረህ። አንተ የእድር ጸሐፊ መሆን ነበረብህ። አንተ በምትጽፍበት እድር ማንም አይሞትም።

ምንተስኖት፦ ይቀልዱ። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ጠብታው ይመረቃል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

አጸደ፦ እኔ ደግሞ ሙከራውን የሠራሁት ለድንኳን ማድመቂያ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ምንተስኖት፦ አራት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። እናቴ እንኳ ፊቷ ባንድ ወገን ከተጣመመ ወዲህ ይሄንኑ ነው የምትጠቀመው። ጠብታውን ከጀመረች ይኸው ሦስት ሳምንቷ። ስትመርቀኝ ነው የምትውለው።

አጸደ፦ እናትህ አመድ ብትሰጣቸውም ይመርቁሃል። የሳቸውን ምርቃት ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ልቆጥረው አልችልም።

ምንተስኖት፦ እርስዎ ግን ምን አደረግኩዎት?

አጸደ፦ ያስተማርኩህን ረሳህ፣ ይሄን አደረግከኝ። በል ቁም፣ ድሮ ፈተና ሲደርስ እንደማደርግልህ ልድገምልህ። ከቄራ የበሬ ዓይን በበረዶ ሣጥን አመጣሁ። ከዓይኑ ፊት ካለችው ከስሷ መስታወት፣ ከኮርኒያዋ ሴል ወስጄ፣ እንደ ጫጩት እያሞቅሁ አስራ ሁለት ቀን ሳህን ላይ አሳደግሁ። ግማሹ ሳህን ላይ ያንተን ጠብታ፣ ግማሹ ላይ ተራ የጨው ውሃ አደረግሁ። ከዚያ ንፋስ እንዲያደርቃቸው ሁሉንም ቬንትሌተር ፊት ደረደርኳቸው። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጨመርኩ፤ የሞተ ሴል ቀለሙን ይጠጣል፣ ያለው አይጠጣም። በአስራ አምስት ደቂቃ ምን አየን?

ምንተስኖት፦ የኛው በለጠ። በብዙ በለጠ።

አጸደ፦ በሰላሳስ?

ምንተስኖት፦ እሱን እናውቃለን።

አጸደ፦ አውቀህማ ነው የደበቅከው። በሰላሳ ደቂቃ ያንተም ሳህን የጨው ውሃውም ሳህን እኩል ሰማያዊ ሆኑ። ከሥራቸው ቁጥር ባልጽፍባቸው ኖሮ የቱ የማን እንደሆነ አልለይም ነበር። አራት ዓመት ለፍተህ ከጨው ውሃ ጋር እኩል ወጣህ።

ምንተስኖት፦ የበሬ ዓይን እኮ ነው፣ እትዬ። በሬ ስለ ሰው ምን ያውቃል?

አጸደ፦ የአስራ አምስት ደቂቃው ውጤት ጊዜ በሬው ጥሩ ምስክር ነበር። በሰላሳው ነው እንስሳ የሆነብህ?

ምንተስኖት፦ አይቆጡኝና፣ ቆጠራው ላይም ጥያቄ አለኝ። ዓይንዎ ደክሟል። ዘንድሮ ብቻ መነጽር ሁለቴ ቀይረዋል።

አጸደ፦ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የመጣኸው። ዓይኔማ ደክሟል። የደከመው አንተ ተማሪ ሳለህ አሲድ በቱቦ ስትቀዳ በአፍህ እንዳትስብ ስጠብቅህ ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ ከጥራት ቁጥጥር ትርሲትን ጠርቼ፣ የትኛው ሳህን ምን እንዳለበት ሳልነግራት አስቆጠርኳት። የተለያየነው በሁለት ሴል ነው። ሁለት።

ምንተስኖት፦ እሺ፣ ይሁን። ሌላ ሰው ይፈርምበታል።

አጸደ፦ ይፈርም። ሲጠይቅህ ግን ሳህኖቹ ማሞቂያው ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩ ውስጥ እንዳሉ ንገረው። አልጣልኳቸውም።

ምንተስኖት፦ ለምንድን ነው የማይጥሏቸው?

አጸደ፦ ስለማውቅህ። በል ያንን የጠብታህን ካርቶን አንሳና አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል።

ምንተስኖት፦ «ዓይንን ከድርቀት ይጠብቃል።»

አጸደ፦ ከሥሩ ያለውን።

ምንተስኖት፦ «ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ።»

አጸደ፦ መቼ ነው ያሳተምከው?

ምንተስኖት፦ ሰኔ ላይ።

አጸደ፦ ሙከራው መቼ አለቀ?

ምንተስኖት፦ ትናንት። ማተሚያ ቤት ተራ አለው፣ እትዬ። ሙከራ እስኪያልቅ ብንጠብቅ ኖሮ ተራው ያልፈን ነበር።

አጸደ፦ ጥሩ። ማተሚያ ቤቱ ሐኪም ሆኖ አዘዘ፣ እኔ ደግሞ ያዘዘውን እንዳጸድቅ ተጠራሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ስንት አስራ አምስት ደቂቃ አለ?

ምንተስኖት፦ ምን?

አጸደ፦ አርባ ስምንት። አንዷን ሸፍነህ አርባ ሰባቷን ለንፋስ ሰጥተሃታል። ይሄንን ነው ይፈርሙልኝ የምትለኝ።

ምንተስኖት፦ ሰው እኮ ሳህን አይደለም። ሰው ዓይኑን ያርገበግባል፣ እንባ አለው፣ ራሱን ያረጥባል።

አጸደ፦ ከገባህ ወዲህ የተናገርከው እውነት ይሄ ብቻ ነው። ደህና አድርጎ የሚያርገበግብ ሰው ያንተ ጠብታ ብዙም አያስፈልገውም። በጣም የሚያስፈልገው ማርገብገብ ያቃተው ነው።

ምንተስኖት፦ ዓይኑን እንደገለጠ ቀኑን ሙሉ ንፋስ ፊት የሚቀመጥ ሰው የት አይተዋል?

አጸደ፦ ወለንጪቲ። እናትህ ቤት።

ምንተስኖት፦ የእናቴን ነገር አያምጡ።

አጸደ፦ ያመጣኸው አንተ ነህ። ለምስክርነት ጠርተሃቸዋል፣ እንግዲህ ልጠይቃቸው። የዛሬ ወር ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የግራ ዓይናቸው ቆብ ተኝተው እንኳ አይገጥምም። የሚውሉት ደጃፍ ላይ ነው፣ የወለንጪቲ ንፋስ ደግሞ እንደኔ ቬንትሌተር ማጥፊያ የለውም። ጠብታውን በቀን ስንቴ ነው የሚያደርጉት?

ምንተስኖት፦ ካርቶኑ ላይ እንዳለው።

አጸደ፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ምንተስኖት፦ አዎ።

አጸደ፦ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ሌላ ነገር አልነበረም?

ምንተስኖት፦ ወፈር ያለ ቅባት ነበር። ሌሊት ደግሞ ዓይኗን በፕላስተር እንድትዘጋ ነግሯት ነበር። ቅባቱ ያደበዝዘኛል፣ ፕላስተሩ ያሳክከኛል አለችኝ። እኔ ነኝ ተይው ያልኳት። ልጅሽ የሠራው አለ አልኳት።

አጸደ፦ አሁን እንዴት ናቸው?

ምንተስኖት፦ ደህና ነች አልኩዎት እኮ። ብርሃን ብቻ አልወድ ብላለች። እሁድ ሳያት ዓይኗ ቀልቷል። መሐሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ወጥታለች። ዕድሜ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

አጸደ፦ ነጭ ነገር።

ምንተስኖት፦ የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው።

አጸደ፦ ምንተስኖት፣ ወንበሩን ሳብና ቁጭ በል።

ምንተስኖት፦ ምነው?

አጸደ፦ እሱ ዕድሜ አይመስለኝም። ቁስል ነው የሚመስለው። መስታወቷ ደርቃ ቆስላለች። ሳህኑ በሰላሳ ደቂቃ ያሳየኝን የእናትህ ዓይን በሦስት ሳምንት እያሳየህ ነው። ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ጋ ይድረሱ። ነገ እንዳትል።

ምንተስኖት፦ ይድናል?

አጸደ፦ አላውቅም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ሳህን መቁጠር ነው። በቶሎ ከታየ ይድናል ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።

ምንተስኖት፦ ላለመፈረም ብለው እያስፈራሩኝ ቢሆን ደስ ባለኝ።

አጸደ፦ እኔም እንደሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። በሰው እናት ዓይን የምጫወት እመስላለሁ?

ምንተስኖት፦ አይመስሉም። ሐኪሙ ቅባቱን ማን አስተዋት ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ለሷስ ምን ብዬ ልንገራት? ልጄ የሠራው ነው እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ነው የከረመችው።

አጸደ፦ እኔ ከምጠይቅህ እነሱ ቢጠይቁህ ይሻላል። ሂድ አሁን፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። በመንገድህ ለጎረቤት ደውል፣ ከደጃፍ አስነስተው ወደ ውስጥ ያስገቧቸው። ዓይናቸውን እንዳያሹም ንገራቸው። ወረቀትህን እዚያ ተወው፣ ሰኞ እንጨቃጨቅበታለን።

ምንተስኖት፦ ቅዳሜስ? እንግዶቹስ?

አጸደ፦ እንግዶቹ ያርገበግባሉ። ምንም አይሆኑም።

ምንተስኖት፦ እትዬ፣ ሰኞን አይጠብቁ። የሰላሳ ደቂቃው ገጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ይኸው። ሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉም ገጽ ፊት እሱን ያስገቡትና ይፈርሙበት።