ዘጠኝ ጊዜ የጻፈላት ደግ ሰው

ኤድናዬ፣ አንቺም ዓሣ ልትገዢ ነው? መቼስ አርብ ሲሆን የሞርካም ከተማ በሙሉ እዚህ ሰልፍ ላይ ነው። የባሕሩ ነፋስ ደግሞ ዛሬ አጥንት ይገባል! ጉልበትሽ ተሻለሽ?... ተመስገን።

እኔማ ኖሪንን ጠይቄ መምጣቴ ነው። ት/ቤቱ በር ላይ ልጆች መንገድ የምታሻግረው ጎረቤቴ። ፍርዱን ሰማሽ አይደል? አሸነፈች። እኔ ግን ያዘንኩት ለከሰሰችው ጋዜጠኛ ነው... ምነው በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? ከኋላችን እሱ ራሱ መቆሙን እኮ አላየሁም። ደግሞስ ሐሜት መሰለሽ? ምስጋና ነው!

ጥፋቷን ታውቂያለሽ። የኳስ አሰልጣኛችን በስልክ እያወራ ልጆቹ መሐል በመኪና ሲያልፍ አየችና ለፖሊስ ተናገረች። መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፤ ክለቡም አሰናበተው፤ ቡድናችንም ከምድቡ ወረደ። ደጉ ጋዜጠኛ ይሄን ጻፈ። ይጻፍ እንጂ፣ ዜና አይደል? ዳኛዋ ራሷ «አንድ ጊዜ መጻፍ፣ ቢመርም እንኳ፣ የጋዜጣ መብት ነው» ብላለች። እሱ ግን ስስት አያውቅም... ዘጠኝ ጊዜ ጻፈላት! «ወሬ ቢነግሩህ ፎቶ ጨምር» አይደል ተረቱ? ፎቶዋን ጨመረ። የምትኖርበትንም መንገድ ስም ጨመረ።

ከሥሩ ደግሞ የአንባቢ አስተያየት። «እዚያው የምታሻግርበት ላይ አንዱ መኪና ይግጫት» የሚል ምሁር ጽፏል። ታዲያ ይሄ ይሰረዛል? ሰውየው እንግዳ ተቀባይ ነው፤ በሩን ለማንም አይዘጋም። የተዘጋውስ የሷ በር ነው... መጀመሪያ እንቁላል መጣ፣ ቀጥሎ ጡብ በመስኮት። ስብርባሪውን አብሬያት ጠርጌያለሁ። በነጋታው ከሥራ ቀረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ያልቀረች ሴት!

«እባክህ ተወኝ፣ ከቤት መውጣት ፈርቻለሁ» ብላ ጻፈችለት። እሱ ደግሞ የሰው ደብዳቤ መጣል አይወድም... አተመው! «አሁን ደግሞ አለቀሰች» የሚል ርዕስ ሰጥቶ።

ፍርድ ቤት ቆሞ «ጡቡን የወረወርኩት እኔ ነኝ ወይ?» አለ። እውነቱን ነው፤ እጁ ንጹሕ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ጋዜጣ ላይ ኖሮ ቀለም እንኳ አልነካውም! ዳኛዋ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው? «የሚወረውር እንደሚነሳ እያወቅህ፣ ልመናዋም እጅህ ገብቶ፣ ደጋግመህ አድራሻዋን አቀበልካቸው። ይሄ ዘገባ አይደለም፤ ማሳደድ ነው።» እናቱ «ልጄ ወሬ አሳዳጊ ነው» ስትል ኖራ... ለካ አንድ ፊደል ስታ ኖሯል። ካሳ ክፈል፣ አስተያየቱን ሁሉ አጥፋ፣ ሁለተኛ እንዳትደርስባት ተባለ።

ኖሪን ሰኞ ሥራዋ ትመለሳለች። ጠዋት ጠዋት አብሬያት ልቆም ነው። የሰውየው ትንሿ ልጅ እዚያው ት/ቤት አይደለች? እሷንም እጇን ይዛ ታሻግራታለች። ኖሪን በልጅ ቂም አትይዝም።

ሂጂ ሂጂ፣ ተራሽ ደርሷል... እኔ እንደሆን ክፉ አልመኝለትም። ልጅቷ ዘንድሮ ማንበብ ጀመረች አሉ፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች አሉ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጠው! አባቷ የጻፈውን አንድም ሳይቀር አንብባ ጨርሳ፣ «አባዬ፣ ይቺ የምታሻግረኝ ሴትዮ ምን አድርጋህ ነው?» ብላ እስክትጠይቀው ድረስ በጤና ያቆይልን።... አሜን በይ እንጂ፣ ኤድናዬ!